ቋረኛው ዐፄ ኢያሱና የመስተዋቱ አዳራሽ

የቋራን ስም የሚሰማ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያስበው ካሳ ኃይሉን፣ ኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ የተባሉትን ነው። ይህም የሚገባ ነው። ነገር ግን ካሳ ከመወለዳቸው መቶ ዓመት ያህል አስቀድሞ በቋራ ስም የተጠሩ ሌላ ንጉሠ ነገሥት ነበሩ፤ እኒህም ቋረኛ ኢያሱ የሚባሉት ዳግማዊ ዐፄ ኢያሱ ናቸው። የታሪክ መጻሕፍት ብዙውን ጊዜ በስናር ዘመቻ ድል የተነሡ ንጉሥ ናቸው ብለው በጥቂት መስመር ያልፏቸዋል። እኔ ግን በዚህ በትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት የሕይወታቸውን ታሪክ ከነመስተዋቶቻቸው ለመጻፍ አሰብሁ፤ ምክንያቱም መስተዋቶቹን የተወ ሰው የንጉሡን ግማሽ የተወ ይመስለኛል።

ዐፄ ኢያሱ የተወለዱት በ1716 ዓ.ም. ነው። አባታቸው ዐፄ በካፋ የታላቁ የአድያም ሰገድ ኢያሱ ልጅ በመሆናቸው ልጃቸውን በአያቱ ስም ጠሩት። እናታቸው እቴጌ ምንትዋብ የቋራ ሰው ናቸው። ዐፄ በካፋ ማንነታቸውን ሰውረው አገር ሲጐበኙ ቋራ ላይ በንዳድ ታመው በአንድ ባላገር ቤት ወደቁ፤ በዚያም ያስታመመቻቸውን ልጃገረድ ወድደው አገቡ እየተባለ ይተረካል። ንዳድ ለአገራችን ያደረገው በጎ ነገር ቢኖር ይህ አንዱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

በ1723 ዓ.ም. መጀመሪያ ዐፄ በካፋ ሲያርፉ ኢያሱ ገና የሰባት ዓመት ሕፃን ነበሩ። የመንግሥት ስማቸው ብርሃን ሰገድ ተባለ፤ እናታቸውም ዘውድ ጭነው ስለ ልጃቸው መንግሥቱን ያዙ። የእቴጌይቱ ወንድም ወልደ ልዑል ራስ ሆኑ፤ የቋራ ሰዎችም በጎንደር ከፍ ከፍ አሉ። ይህ ያላስደሰታቸው መኳንንት በ1725 ዓ.ም. ሌላ ንጉሥ ሰይመው ግንቡን እስከ መክበብ ደረሱ፤ ሕፃኑ ንጉሥ ከእናታቸው ጋር በግንቡ ውስጥ ሆነው የጠላትን ጩኸት ሰሙ። ዐመፁ ቢበርድም ከዚያ ወዲያ ያ ግንብ ለዐፄ ኢያሱ ከቤትም በላይ መጠጊያ የሆነ ይመስላል፤ ባደጉ ጊዜ ልባቸውን የጣሉት በእርሱ ላይ ነውና።

ስለ መስተዋት ጥቂት ልናገር። ዛሬ መስተዋት በመተማ ገበያ በጥቂት ብር የሚገዛ ዕቃ ስለ ሆነ የዚያን ዘመን ዋጋውን መገመት ያስቸግረናል። በመጽሐፈ ኢዮብ የጥበብ ዋጋ በተነገረበት ምዕራፍ ብርሌ ከወርቅ ጐን መቆጠሩን ያስታወሰ ግን አይደነቅም። በዓለም ላይ በመስተዋት ሥራ ስማቸው የገነነው የቬኒስ ሰዎች ነበሩ። በአውሮጳ አቆጣጠር በ1291 የከተማው ሹማምንት ቃጠሎ ስለ ፈሩ የብርጭቆ ምድጃዎችን ሁሉ ሙራኖ ወደምትባል ደሴት አዛወሩ፤ ጥበቡም በዚያ ከአባት ወደ ልጅ እየተላለፈ አደገ። ሠራተኛው የቀለጠውን ብርጭቆ በረዥም የብረት ቧንቧ ጫፍ አንሥቶ በትንፋሹ ይነፋዋል፤ እንደ ቀንድ ያለ ረዥም ባዶ ነገር ሲሆን ጫፎቹን ቈርጦ፣ ወገኑን ሰንጥቆ፣ በእሳት አለስልሶ ይዘረጋዋል። ከዚያ በኋላ በአሸዋ እየታሸ ይለሰልሳል። በመጨረሻ ስስ ቆርቆሮ ከባዝቃ ጋር ተዋሕዶ በጀርባው ሲለበጥ ፊት የሚያሳይ መስተዋት ይሆናል። በትንፋሽና በእጅ የሚሠራ ስለ ሆነ ትልቅ መስተዋት ማግኘት ከባድ ነበር፤ ስለዚህም ትንንሹን አጋጥሞ አንድ ግድግዳ ማድረግ የተለመደ ነው።

በዚያን ጊዜ የባሕር ማዶ ዕቃ ወደ ጎንደር የሚገባበት በር ሁለት ነው፤ አንዱ ምጥዋ፣ ሁለተኛውም ከስናር ተነሥቶ ዛሬ መተማ ባለበት ቆላ የሚያልፈው የእኛ መንገድ ነው። ጨሌ የተባለው የብርጭቆ ዶቃ በቅሎ ላይ ቢጫን ብዙም አያሰጋም። መስተዋት ግን አንዲት በቅሎ አንድ ጊዜ ብትደናቀፍ የብዙ ወር ድካም ይጠፋል። ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ የሚለው ተረታችን ለሰው ፍቅር ቢነገርም፣ ነጋዴዎቹ በቃሉ እንዳለ ያውቁት ነበር።

የንጉሡ አያት ታላቁ ኢያሱም አዳራሻቸውን በዝሆን ጥርስና በመስተዋት አስጊጠው እንደ ነበር ይነገራል። የልጅ ልጃቸው ግን ከዚህ አልፈው ሄዱ። በዮሐንስ ራእይ ስሟ ከተጠቀሰው ከሰምርኔስ ከተማ ሸሽተው የመጡ ግሪኮች፣ ብር አንጥረኞች፣ በጎንደር ነበሩ፤ ዐፄ ኢያሱ እነዚህን ሰብስበው የዙፋን አዳራሻቸውን እንዲያስጌጡ አዘዙ። የግድግዳው ግርጌ ከመሬት እስከ አራት ጫማ ያህል በዝሆን ጥርስ ተለበጠ። ከዚያ በላይ የቬኒስ መስተዋቶች እርስ በርሳቸው ተጋጥመው በሦስት ረድፍ ተሰደሩ፤ ክፈፋቸውም በወርቅ የተቀባ መዳብ ነበር። ጣሪያውን የሠሩት ደግሞ የአገራችን ባለ እጆች ቤተ እስራኤል ናቸው። ሸምበቆ ሰንጥቀው፣ በልዩ ልዩ ቀለም ነክረው፣ በሐረግና በጌጥ መልክ አሰባጠሩት። አንባቢ ሆይ፣ እኔን ከሁሉ የሚያስደስተኝ ይህ ነው። የቬኒስ መስተዋት ብቻውን ቢሆን የባዕድ አገር ጌጥ ሆኖ በቀረ ነበር፤ ነገር ግን ከበላዩ የጎንደር ሸምበቆ ነበረና ከታች የሚያበራው ሁሉ የእኛውን ቀለም መልሶ ያሳይ ነበር።

አዳራሹ አላለቀም፤ መስተዋቱ አነሰ። ንጉሡ ሌላ ክፍልም አስጀምረው ነበር፤ ይህኛው በዝሆን ጥርስ ሰሌዳ ተለብጦ በየሰሌዳው ላይ ባለ ቀለም ከዋክብት የተነከሩበት ነው። ከእርሱም የተፈጸመው ንጉሡ የሚቀመጡበት ጥግ ብቻ ሲሆን፣ ዙፋኑና ራሳቸው ንጉሡ ስለሚጋርዱት ያ ጥቂቱ ጌጥ እንኳ በደንብ አይታይም ነበር።

ይህ ሁሉ ወጪ ነው። እናታቸውም በበኩላቸው በጎንደር ግንብ፣ በቍስቋም ደግሞ ቤተ ክርስቲያንና ቤተ መንግሥት አሠርተዋል። ሕዝቡ ማጉረምረም ጀመረ። ንጉሡ ቁመታቸው አጭር ስለ ነበረ፣ ከአያታቸውም ጋር ስለሚያወዳድሯቸው፣ ትንሹ ኢያሱ ይሏቸው ነበር፤ ዘመቻቸው ከአንዱ እልፍኝ ወደ ሌላው እልፍኝ ነው እያለ የሚያፌዝ ጽሑፍም በከተማው ዞረ። ለወጣት ንጉሥ ከዚህ የሚከፋ ስድብ የለም። እንደ እኔ አሳብ ከሆነ በመስተዋቶቻቸው መካከል ተቀምጠው ቢስቁበት ይሻል ነበር። ንጉሡ ግን ፌዙን በጦር ለመመለስ ቈረጡ።

በ1736 ዓ.ም. ብዙ ሠራዊት አስከትተው ወደ ቆላው ወረዱ። ቆላው የእናታቸው አገር ቢሆንም ለደጋ ሠራዊት ሙቀቱና ውሃ ጥሙ ከጠላት አያንስም። ሠራዊቱ ከጣና ምዕራብ ካሉ ተራሮች ተነሥቶ ወደ ሱዳን በሚፈሰው በድንድር ወንዝ ደረሰ። በዚያ የጦሩ አንድ ክፍል ከሌላው በተለየ ጊዜ፣ ከዳርፉር ተሰድዶ ለስናር ያደረው ኸሚስ የተባለ መስፍን ከፈረሰኞቹ ጋር በድንገት ወደቀበት። ብዙ ሰው አለቀ። ከሰው ሞት ሌላ ጎንደርን ያስለቀሰው ደግሞ ከሠራዊቱ ጋር የወጣው ኵርዓተ ርእሱ የተባለው የጌታ ሥዕልና የመስቀሉ ግማድ መማረካቸው ነው። እነዚህን ለማስመለስ 8,000 ወቄት ወርቅ እንደ ተከፈለ ተጽፏል። ለአዳራሹ የጐደሉትን መስተዋቶች ለመግዛት ከዚህ ውስጥ ስንቱ በበቃ ነበር! ሆኖም ይህን ሒሳብ ያኔ የሚያነሣ ሰው አልነበረም፤ ሥዕሉ ሲመለስ ጎንደር በደስታ ተቀበለችው።

ከዘመቻው ወዲያ ዐፄ ኢያሱ ዐሥራ አንድ ዓመት ቈዩ። በ1747 ዓ.ም. በሠላሳ አንድ ዓመታቸው ዐረፉ፤ ልጃቸው ኢዮአስ በሕፃንነቱ ነገሠ። አዳራሹም ጠባቂ አጣ።

በባዝቃ የተለበጠ መስተዋት ቢሰቅሉት እንደ ድንጋይ ዝም ብሎ የሚኖር ነገር አይደለም። ትልቁ ጠላቱ ርጥበት ነው፤ ርጥበት በጀርባው ከገባ ልብጡ ይጠቍራል፣ ከዚያም ይላጣል። ጀርባውን ጥፍር ቢነካው ቦታው ዳግመኛ አያሳይም። ውሃ በነካ ጨርቅ የሚወለውል ሰው ያጸዳ ይመስለዋል እንጂ ውሃው በክፈፉ በኩል ሰርጎ ያጠፋዋል፤ ስለዚህ በደረቅና ለስላሳ ጨርቅ አቧራውን ብቻ ማንሣት ይገባል። ክፈፉም በየጊዜው መመርመር አለበት፤ ምስማሩ የላላ አንድ መስተዋት ሲወድቅ የተጋጠመውን ሁሉ ያናጋል። ክረምቱ ከባድ በሆነበት በጎንደር፣ በድንጋይና በኖራ ግድግዳ ላይ ለተሰቀለ መስተዋት እንዲህ ያለው ጥንቃቄ የየዕለት ሥራ ነው። ሥራውን የሚያውቁት ደግሞ እነዚያው ግሪኮች ነበሩ። ንጉሡ ከሞቱ በኋላ ግን እነርሱን የሚፈልግ ጠፋ፤ ኮርቻና ልጓም፣ ሰይፍና የጦር ዕቃ በማስጌጥ በጥቂት ዋጋ ተዳደሩ። ከመስተዋቶቹም ከፊሉ ማንም ሳይነካው ወደቀ።

የስኮትላንዱ ተወላጅ ጄምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም. ጎንደር ሲገባ የተረፉትን መስተዋቶች በዓይኑ አየ። እቴጌ ምንትዋብ በሕይወት ስለ ነበሩ በቍስቋም በእንግድነት ተቀበሉት፤ የቤተ መንግሥቱንም ታሪክ በቅርብ ሊሰማ ቻለ። አገሩ ግን ያኔ በእሳት ላይ ነበር። ዐፄ ኢዮአስ በ1761 ዓ.ም. ተገድለዋል፤ ራስ ሚካኤል ስሑል ንጉሥ ይሽራሉ፣ ንጉሥ ይሾማሉ፤ ዘመነ መሳፍንት የሚባለው ዘመን ጀምሯል። በግንቦት 1763 ዓ.ም. የሰርባኩሳ ጦርነት ከተደረገ በኋላ የቀሩት መስተዋቶች ሁሉ ብሩስ እያየ ተሰበሩ። ንጉሡ ካረፉ ገና ዐሥራ ስድስት ዓመት ነው።

ብሩስ በታኅሣሥ 1764 ዓ.ም. ከጎንደር ወጥቶ በእኛ ቆላ አልፎ ወደ ስናር ወረደ። እንግዲህ ቀደም ብሎ ዕቃ በበቅሎ ወደ ጎንደር ይወጣበት በነበረው በዚያው መንገድ፣ አዳራሹን የሚገልጸው ማስታወሻ ወደ ታች ወረደ ማለት ነው። መጽሐፉ በ1782 ዓ.ም. በአምስት ቅጽ ታተመ። የመስተዋቱ ረድፍ ሦስት እንደ ነበረ፣ ክፈፉ መዳብ እንደ ነበረ፣ ጣሪያውን ማን እንደ ሠራው ዛሬ የምናውቀው ከዚያ ነው።

በወርቅ የተዋጀው ኵርዓተ ርእሱ ኋላ ከዐፄ ቴዎድሮስ ጋር ወደ መቅደላ ሄዶ በ1860 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጦር ጋር የመጣ አንድ የቤተ መዘክር ሰው ወሰደው፤ እስከ ዛሬም አልተመለሰም። የጎንደር ግንቦች በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ጐብኚ ወደ ውስጥ ሲገባ የሚያየው ባዶ ድንጋይና ኖራ ነው፤ የዝሆን ጥርስም መስተዋትም የለም።

ከከተማው ወጣ ብሎ በቍስቋም ግን በአንድ ትንሽ ምድር ቤት ውስጥ፣ ፊቱ መስተዋት የሆነ ሣጥን አለ። በውስጡ የእቴጌ ምንትዋብ፣ የልጃቸው የቋረኛ ኢያሱና የልጅ ልጃቸው የኢዮአስ አጽም አንድ ላይ ተቀምጧል፤ ሊሳለም የሄደም ሰው በመስተዋቱ በኩል ያያቸዋል።