ሐኪም ወርቅነህ አማርኛ አይችሉም ነበር

ባለፈው ኅዳር ሆስፒታል ውስጥ የተግባር ልምምድ ላይ ሳለሁ አንዲት ሐበሻ እናት እኔ ያለሁበት ዋርድ ተኝተው ነበር። የምትቆጣጠረኝ ነርስ አማርኛ እንደምችል ሰምታ ኖሮ፣ ምን እንደሚሰማቸው ጠይቂልኝ ብላ ላከችኝ። ደስ ብሎኝ ሄድኩ። እማማ ሆዳቸውን ባር ባር እንደሚላቸው ነገሩኝ። ከዚያ ሁሉ እኔ የያዝኩት «ሆድ» የምትለዋን ቃል ብቻ ነበር። ተመልሼ ሆዳቸውን ያማቸዋል ብዬ ተናገርኩ። ሆዳቸው ተዳሰሰ፣ ምን እንደበሉ ተጠየቁ፣ ቻርታቸው ላይም ተጻፈ። ነገሩ የተገለጠው ከሰዓት በኋላ የስልክ አስተርጓሚ ሲገኝ ነው። ሆዳቸውን ምንም አላመማቸውም። በማግስቱ ቀዶ ጥገና ስለነበረባቸው ፈርተው፣ ብቸኝነት ተሰምቷቸው ነበር። ይህ ሳያንስ ሙሉ ጠዋቱን «አንቺ» እያልኩ ሳዋራቸው ነው የዋልኩት።

ማታ ለእናቴ ስነግራት መጀመሪያ ሳቀች፤ ፊቴን ስታይ ሳቋን ተወችው። ከዚያ ስለ ሐኪም ወርቅነህ ታውቂያለሽ ወይ አለችኝ። ስማቸውን ሰምቻለሁ፤ በዘመናዊ ሕክምና የሠለጠኑ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሐኪም እንደሆኑ አውቃለሁ። እሳቸውም አገራቸው ሲገቡ አማርኛ እንደማይችሉ ግን አላውቅም ነበር። ከዚያ ሌሊት ጀምሮ ስለሳቸው ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ከረምኩ።

ከመቀጠሌ በፊት ሁለት ነገር ልናገር። ዓመተ ምሕረቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ሌላው፣ በመጀመሪያው ረቂቄ ላይ የሦስት ዓመቱን ሕፃን «እሱ» ብዬ ነበር፤ እናቴ በእስክሪብቶ እየሰረዘች «እሳቸው» አደረገችልኝ። ስለዚህ ሐኪሙ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ገና በእንብርክካቸው ሲሄዱም አንቱ ናቸው።

ወርቅነህ እሸቴ የጎንደር ልጅ ናቸው። በ1868 ሚያዝያ ወር የጄኔራል ናፒየር ጦር መቅደላ ላይ አፄ ቴዎድሮስን ድል ሲያደርግ ዕድሜያቸው ሦስት ዓመት ቢሆን ነው። በዚያ ትርምስ ውስጥ ከወላጆቻቸው ተለያዩ። ኮሎኔል ቻምበርሌን የሚባል የእንግሊዝ መኮንን አግኝቷቸው ወደ ህንድ ይዟቸው ሄደ። ከመቅደላ ስለተወሰደው ስለ ልዑል ዓለማየሁ ሁላችንም ሰምተናል፤ እዚሁ እንግሊዝ አገር በ18 ዓመቱ አርፎ ዊንድሶር ተቀበረ። ከዚያው ተራራ ሌላ ልጅ በሌላ አቅጣጫ መሄዱን ግን እኔ በሃያ ዓመቴ ነው የሰማሁት።

ኮሎኔሉ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሲሞት፣ ኮሎኔል ማርቲን የሚባል ሌላ መኮንን የትምህርታቸውን ወጪ ያዘ። ቻርልስ ማርቲን የሚለው ስማቸው የመጣው ካሳደጓቸው ሰዎች ነው። አምሪትሳርና ባታላ በሚገኙ የሚሲዮን ትምህርት ቤቶች ተማሩ። ቀጥለው ላሆር ሕክምና ኮሌጅ ገብተው በ1882 ተመረቁ። ያኔ ገና 17 ዓመታቸው ገደማ ነበር፤ እኔ በዚያ ዕድሜዬ የደም ግፊት መለካትም አልችልም ነበር። በኋላ ስኮትላንድ ሄደው ትምህርታቸውን ጨመሩና በርማ ውስጥ የእንግሊዝ መንግሥት ሐኪም ሆነው ተቀጠሩ። ደመወዝ አላቸው፣ ማዕረግ አላቸው፣ እንግሊዝኛቸው የተሟላ ነው። አገር ግን የላቸውም፤ ወይም አላቸው፣ ስለሱ የሚነግራቸው ሰው አጠገባቸው የለም።

በ1896 የዓድዋ ድል ወሬ ዓለምን ሲያዳርስ እሳቸውም ዘንድ ደረሰ። ፈቃድ ጠይቀው መንገድ ጀመሩ። በ1899 አዲስ አበባ ገብተው ድንኳን ተከሉና ሕመምተኛ ማየት ያዙ። ሰላሳ ዓመት ካለፋቸው በኋላ በገዛ አገራቸው፣ ከገዛ ወገናቸው ጋር በአስተርጓሚ ነበር የሚነጋገሩት።

ይህን ቦታ ደጋግሜ አነበብኩት። ነርሲንግ ትምህርት ቤት መጀመሪያ ከሚያስተምሩን ነገሮች አንዱ ስለ ሕመም አጠያየቅ ነው፤ የት ነው፣ መቼ ጀመረ፣ ምን ይመስላል። አማርኛ ደግሞ ለዚህ ቃል አያልቅበትም። ይወጋኛል አለ፣ ይቆርጠኛል አለ፣ ይጠዘጥዘኛል አለ፣ ያቃጥለኛል አለ፣ ያፍነኛል አለ። አስተርጓሚ ፈጠን ሲል ሁሉንም «ያመዋል» ብሎ ያልፈዋል። በዚያ ድንኳን ውስጥ ስንት ባር ባር የሚል ሆድ ለሆድ ቁርጠት ታክሞ ይሆን እያልኩ አሰብኩ። ሐኪሙን ለመውቀስ አይደለም። እኔም አንዱን አክሜያለሁና ነው።

ከመቅደላ የጠፋ ልጅ ሐኪም ሆኖ መጣ የሚለው ወሬ በከተማው ሲወራ አያታቸው ሰሙ። አሮጊቷ መጥተው ልጃቸው መሆኑን የለዩት በጠባሳ ነው፤ አንዱ ክንዳቸው ላይ፣ አንዱ እግራቸው ላይ ነበር። ጠባሳዎቹ እዚያው ነበሩ። ዶክተር ማርቲን የራሳቸውን ስም የሰሙት ያኔ ነው፤ ወርቅነህ፣ የእሸቴ ልጅ።

እስቲ አስቡት። አያት እያለቀሱ ያወራሉ፤ የልጅ ልጅ መሃል ላይ የቆመውን አስተርጓሚ እያየ ይጠብቃል። ሰላሳ ዓመት የተጠበቀ ናፍቆት በሦስተኛ ሰው አፍ ሲያልፍ ምን ያህሉ ይደርሳል? እኔ በየሳምንቱ ደሴ ያሉት አያቴ ሲደውሉ፣ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እማዬን ላቅርብልዎት ብዬ ስልኩን ለእናቴ የማቀብል ልጅ ነበርኩ። በሁለት ዓረፍተ ነገር ሃያ ዓመት ኖሬያለሁ።

ፈቃዳቸው ሲያልቅ ወደ በርማ መመለስ ነበረባቸው። በ1908 ግን አዲስ አበባ ላለው የእንግሊዝ ሌጋሲዮን ሐኪም ሆነው እንደገና መጡ። ወይዘሮ ቀጸላ ቱሉን አግብተው ከአሥር በላይ ልጆች ወለዱ። አንዴ ደግሞ ወደ በርማ ሄደው፣ በ1919 ጡረታቸውን ይዘው ጓዛቸውን ጠቅልለው አገራቸው ገቡ። ከሥራቸው ሁሉ እኔን የሚስበኝ ይህ መመላለስ ነው። ብዙዎቻችን አገር ቤት መመለስ የአንድ አውሮፕላን ትኬት ጉዳይ ይመስለናል፤ እሳቸው ሃያ ዓመት ፈጅቶባቸዋል።

ቋንቋውንም በአንድ ቀን አልያዙትም። ልጅ ሆኖ የሚውጡት ፊደል በሰላሳ ምናምን ዓመት ሲጀመር ምን እንደሚመስል የእኔ ቢጤ ያውቀዋል። ቢሆንም በ1920ዎቹ መገባደጃ ላይ ስለ ዓለም ጂኦግራፊ መጽሐፍ በአማርኛ አሳትመዋል። አስተርጓሚ ይዘው ድንኳን ውስጥ የነበሩት ሰው ለአማርኛ አንባቢ የዓለምን ካርታ አስረዱ ማለት ነው። የዕለት ማስታወሻቸውን ግን እስከ መጨረሻው የጻፉት በእንግሊዝኛ ነው። ይህን ሳነብ፣ እውነቴን ነው፣ ትከሻዬ ቀለለኝ። እኔም ለራሴ የማስበው በእንግሊዝኛ ነው። ሁለቱ ነገሮች አንድ ሰው ውስጥ መኖር ከቻሉ ይበቃኛል።

ሌላውን ሥራቸውን በፍጥነት ልለፈው፤ ብዙ ነውና። በ1925 የተከፈተውን የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት በበላይነት መርተዋል። በ1927 ለጣና ግድብ ጉዳይ ኒው ዮርክ ተልከው ነበር፤ እዚያም ሙያ ያላቸው ጥቁር አሜሪካውያን ኢትዮጵያ መጥተው እንዲሠሩ ጋብዘዋል። በ1930 የጨርጨር ገዢ ሆነው አሰበ ተፈሪ ተቀመጡ። በ1935 ጣልያን ሲመጣ ለንደን ላይ የኢትዮጵያ ሚኒስትር ነበሩ።

የሌጋሲዮኑ ቤት ፕሪንስስ ጌት ላይ ነበር፤ ዛሬም ኤምባሲያችን ያለው በዚያው መንገድ ነው። እኛ ፓስፖርትና ውክልና ስናሠራ ተሰልፈን የምንቆምበት ሰፈር ነው። ከዚያ ጥቂት ደቂቃ በእግር ሲኬድ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ውስጥ ከመቅደላ የተወሰደው የወርቅ ዘውድ በመስታወት ውስጥ ይታያል። ከዚያው ተራራ የተወሰደው ሕፃን ሰባ ዓመት ሲሞላው፣ በወሰዱት ሰዎች ከተማ ቆሞ፣ ገና የእናቱን ቋንቋ በጎልማሳነቱ ለተማረላት አገር ገንዘብና ድጋፍ ይለምን ነበር። እናቴ ይቅር ትበለኝ፣ እዚህ ላይ «እሱ» አልኩ። ሕፃኑ በዓይኔ መጥቶብኝ ነው።

በ1937 የካቲት፣ በግራዚያኒ ላይ ከተጣለው ቦምብ በኋላ በአዲስ አበባ በደረሰው እልቂት ወቅት፣ እንግሊዝ አገር ተምረው የተመለሱት ሁለት ልጆቻቸው ቢንያምና ዮሴፍ በጣልያኖች ተገደሉ። አባት ባሕር ማዶ ነበሩ። ስለዚህ የምጨምረው የለኝም። በ1942 አገራቸው ገብተው በ1952 አረፉ።

እኛ ቤት የካቲት ላይ አንድ ደንብ ወጥቷል። እሁድ ቡና ሲፈላ፣ ከአቦል እስከ በረካ እንግሊዝኛ የተናገረ ሰው ሳህን ያጥባል። ታናሽ ወንድሜ ሁለት ሳምንት ሙሉ ዝም ብሎ ተቀምጦ አመለጠ፤ እናቴ ዝም ያለም ያጥባል ብላ ደንቡን አሻሻለች። እኔ ከመጪው መስከረም በፊት የሕመምተኛ ጥያቄዎቼን በሙሉ፣ በአንቱታ፣ ወረቀት ሳላይ ለመጠየቅ ነው የተነሳሁት። እናቴ ሕመምተኛ ትሆንልኛለች። ከሥራ ደክሟት ስትመጣ ግን ብዙ ማስመሰል አያስፈልጋትም፤ ወገቧን እውነቷን ነው።

ባለፈው እሁድ አያቴ ደሴ ሆነው ሲደውሉ ስልኩን አላቀበልኩም። ጉልበትዎን እንዴት ነዎት አልኳቸው። ይጠዘጥዝዎታል ወይስ ይወጋዎታል፣ ሌሊት ይብሳል ወይስ ደረጃ ሲወጡ ብዬ ጠየቅሁ። አርባ ደቂቃ አወሩኝ። ግማሹ ስለ ጉልበታቸው አልነበረም። በመጨረሻ የሐኪም ወርቅነህን ታሪክ ነገርኳቸው፤ መቅደላን፣ ድንኳኑን፣ ጠባሳውን። ሁለት ጊዜ አረሙኝ፤ አንዴ «ጠባሳ» የሚለውን ቃል አጥብቄ ስናገር ሳቁብኝ። ጨርሼ ምን ይላሉ ብዬ ስጠብቅ፣ ያቺ አያት ልጁን ካገኘች በኋላ ምን ሠርታ አበላችው ብለው ጠየቁኝ።