ደዌ ያልሻረው ንጉሥ

በዛሬው ጽሑፋችን የምናነሣው በ12ኛው መቶ ዓመት፣ የመስቀል ጦረኞች ኢየሩሳሌምን በያዙበት ዘመን፣ በዚያች ከተማ የነገሠውን ባልድዊን አራተኛን ነው። ይህ ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ የሥጋ ደዌ ሕመምተኛ ነበረ። ሕመሙ ሳይለቀው ነገሠ፣ ከሕመሙ ጋር ወደ 11 ዓመት ገዛ፣ ከሕመሙ ጋርም ሞተ። ዘመናቱን የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል።

ባልድዊን የተወለደው በ1161 ነው። አባቱ አማልሪክ በ1163 ሊነግሥ ሲል መኳንንቱ ሚስቱን አግነስን እንዲፈታ ስላስገደዱት ሕፃኑ ገና በሁለት ዓመቱ ከእናቱ ተለየ። ዘጠኝ ዓመት ሲሆነው አባቱ ለዊልያም ሰጠው። ዊልያም የጢሮስ ሊቀ ዲያቆናት፣ በኋላም ሊቀ ጳጳስ የሆነ፣ የዚያን ዘመን ታሪክ በሰፊው የጻፈ ታላቅ ሊቅ ነው። ስለ ልጁ ሕመም የምናውቀውን አብዛኛውን ያገኘነው ከእርሱ ነው።

ነገሩ የተገለጠው በጨዋታ ላይ ነበረ። የመኳንንት ልጆች ተሰብስበው፣ የልጅ ነገር ነውና፣ እርስ በርሳቸው ክንዳቸውን በጥፍር እየቆነጠጡ ማን እንደሚችል ይፈታተኑ ነበር። ሌሎቹ ሲቆነጠጡ ይጮኻሉ፤ ባልድዊን ግን ምንም እንዳልነካው ዝም ይላል። ይህ አንድ ጊዜ ሳይሆን ደጋግሞ ሆነ። ለመምህሩ በተነገረው ጊዜ ልጁ ታጋሽና ጀግና ስለሆነ ነው ብሎ አሰበ። ኋላ ጠርቶ ሲመረምረው ግን የልጁ ቀኝ ክንድና እጅ በግማሽ ደንዝዞ አገኘው። ሕመሙን ችሎ ሳይሆን ከነጭራሹ አልተሰማውም ነበር። አባቱ ሐኪሞችን ሰበሰበ፤ ቅባቱም፣ ወጌሻውም፣ መድኃኒቱም ተሞከረ፤ የረዳው ግን አልነበረም። የበሽታውን ስም ቶሎ ለመጥራት የደፈረ አልተገኘም፤ ያለ ጥርጥር የታወቀው ልጁ ወደ ጉልምስና ሲጠጋ ነው።

እዚህ ላይ ከታሪኩ ትንሽ ወጣ ብለን አንድ ነገር ብንናገር ተገቢ ይመስለናል። ሥጋ ደዌ የሚመጣው በዓይን በማይታይ ባክቴሪያ ነው፤ ይህንም የኖርዌዩ ሐኪም ሐንሰን በ1873 ደርሶበታል። እርግማንም ውርስም አይደለም። ከሰው ወደ ሰው የሚያልፈው በጭንቅ ሲሆን ብዙው ሰው በተፈጥሮው ይቋቋመዋል፤ ከገባ በኋላም ምልክቱ እስኪታይ ብዙ ዓመታት ሊቆይ ይችላል። ቆዳንና ነርቭን ይጎዳል። ነርቭ ሲጎዳ ሙቀትም ሕመምም አይሰማም፤ እጅ እሳት ላይ ቢያርፍ አይታወቅም፤ ጠጠር በጫማ ውስጥ ገብቶ እግርን ቢያቆስል አይታወቅም። ጣት የሚጠፋው በሽታው ስለሚበላው ሳይሆን ሰውየው ሳይሰማው ደጋግሞ ስለሚቆስል ነው። ዐይንም እንዲሁ መክደን ሲያቅተው ይታወራል። ዛሬ በሽታውን የሚፈውሱ መድኃኒቶች አሉ፤ በስድስት ወር ወይም በአንድ ዓመት የሚያልቁ፣ በነፃም የሚሰጡ ናቸው። የሞተ ነርቭን ግን አይመልሱም። ስለዚህ ቀድሞ የጎዳቸው ሰዎች ከዳኑም በኋላ እጅና እግራቸውን በውሃ እየዘፈዘፉ፣ ቅባት እየቀቡ፣ ማታ ማታ ቁስል መኖሩን በዐይናቸው እየመረመሩ መኖር አለባቸው። በአገራችን ዛሬም በየዓመቱ አዳዲስ ሕሙማን ይገኛሉ። በገላ ላይ የደነዘዘ ነጭ ወይም ቀላ ያለ ምልክት አይቶ አፍሮ የሚደብቅ ወጣት፣ የዚያ ጨዋታ ነገር ሊታሰበው ይገባል።

ለባልድዊን ከዚህ ሁሉ አንዱም አልነበረም። የነበረው ሰው ነው። የዐረብ ክርስቲያኖች ከነበሩ አንድ የሐኪም ቤተሰብ የፈረስ ግልቢያ መምህር ተገኘለት። ቀኝ እጁ ልጓም መያዝ ስለማይችል ፈረሱን በጉልበቱ እየተጫነ መምራትን ተማረ፤ ከእኩዮቹም የላቀ ፈረሰኛ ሆነ። ይህ እንደ ቀላል የሚታለፍ አይደለም። በዚያ ዘመን በፈረስ ላይ የማይቆም ንጉሥ ጦር ሊመራ አይችልም ነበርና፣ መምህሩ ያስተማረው ግልቢያን ብቻ አልነበረም።

አማልሪክ በ1174 በተቅማጥ በሽታ ሞተ። ባልድዊን በ13 ዓመቱ፣ ጁላይ 15 ቀን 1174 ዘውድ ጫነ። ከከተማይቱ ቅጥር ውጭ በአልዓዛር ስም የተሠራ የሥጋ ደዌ ሕሙማን ቤት ነበረ፤ በሽታው የያዛቸው ፈረሰኞችም ወደዚያ ይገቡ ነበር። ንጉሡን ግን ማንም ወደዚያ አልሰደደውም። ከመኳንንቱ ጋር በአንድ ሸንጎ ተቀመጠ፣ ከወታደሮቹ ጋር በአንድ ሰፈር አደረ። በአንድ ፊልም ላይ የብረት ጭምብል አጥልቆ ይታያል፤ በዘመኑ የነበሩ ጸሐፊዎች ግን ስለ ጭምብል የተናገሩት ነገር የለም።

በ1177 በጋ በጽኑ ታመመ፤ ከአስቀሎና ወደ ኢየሩሳሌም በቃሬዛ ተወሰደ። በዚያው ጊዜ ከአውሮፓ ለመጣው ለፍላንደርሱ መስፍን ለፊልጶስ እንደራሴ ሁንልኝ ብሎ ለመነው፤ ሰውየው አልተቀበለም። በኖቬምበር ሰላሐዲን ከግብፅ ብዙ ሠራዊት ይዞ መጣ። የ16 ዓመቱ ንጉሥ ከ500 የማይበልጡ ባላባት ፈረሰኞች ይዞ ወጣና ኖቬምበር 25 ቀን በራምላ አጠገብ፣ ሞንጊዛር በተባለው ቦታ ድል አደረገው። በዚያ ዘመን የነበረው የሶርያ ኦርቶዶክስ ፓትርያርክ ሚካኤል እንደጻፈው፣ ንጉሡ ከጦርነቱ በፊት ከፈረሱ ወርዶ በመስቀሉ ፊት ተደፍቶ አለቀሰ። ፊቱን ወደ ምድር የደፋው ወጣት ተነሥቶ እንደገና ኮርቻ ላይ እስኪወጣ ምን ያህል ሰው እንደደገፈው መገመት አያዳግትም።

ድል ግን ሁልጊዜ አልሆነለትም። በ1179 በመርጅ ዐዩን ተሸነፈ፤ ከፈረሱም ወደቀ። እጆቹ ስለማይዙለት መልሶ መውጣት አልቻለም፤ አንድ ወታደር በጀርባው ተሸክሞ አወጣው። በሚቀጥለው ዓመት ከሰላሐዲን ጋር የጊዜ ዕርቅ አደረገ።

ሚስት ስላላገባ ዘውዱን የሚወርሰው በእኅቱ በሲቢላ በኩል ነበር። በ1180 ለጊ ደ ሉዚኛን ዳራት። በ1183 ንጉሡ ናዝሬት ላይ በትኩሳት ወደቀ። ዐይኑ ታውሮ፣ እጅና እግሩ ከአገልግሎት ውጭ ሆነው ነበር። እናቱና ፓትርያርኩ ባሉበት ጊን እንደራሴ አደረገው፤ ለራሱ ኢየሩሳሌምንና በዓመት 10,000 ወርቅ አስቀረ። ጊ ግን ሰላሐዲን ወደ ገሊላ በገባ ጊዜ ታላቅ ጦር ይዞ ሳይዋጋ ቆመ፤ ለንጉሡም እንደሚገባ ሳይታዘዝ ቀረ። እኛ ከንጉሡ ሕይወት የሚያስደንቀን ከዚህ በኋላ ያለው ነው። በሞንጊዛር ቢያንስ ወጣትነት ነበረው፤ አሁን ምንም የቀረው ነገር ሳይኖር የሰጠውን ሥልጣን መልሶ ወሰደ። በኅዳር ወር የእኅቱን ልጅ ገና ሕፃን ሳለ አነገሠው። ወዲያው ሰላሐዲን ከዮርዳኖስ ማዶ ያለውን የከራክን ምሽግ ስለከበበ ንጉሡ በቃሬዛ ላይ ተኝቶ ከጦሩ ጋር ሄደ፤ ሰላሐዲንም መምጣቱን ሲሰማ ከበባውን ትቶ ተመለሰ። በ1184 ከራክ ዳግመኛ ስትከበብ እንዲሁ አደረገ።

እንደራሴነቱን የተነጠቀው ጊ አስቀሎና ገብቶ ተቀመጠ፤ ሲጠራም አልመጣ አለ። ንጉሡ ራሱ ወደዚያ ሄደ። በሩ ተዘግቶ አገኘው። ዕውሩ ሰው በደነዘዘ እጁ በሩን መታ፤ ሕዝቡ በቅጥሩ ላይ ቆሞ ይመለከት ነበር፤ የከፈተለት ግን የለም። ከዚያ ተነሥቶ ወደ ኢዮጴ ሄደ፤ ኢዮጴም ከፈተችለት።

ይህ ሁሉ ሲሆን ንጉሡ ቍጣና እልከኝነት አልነበረበትም ለማለት አንደፍርም። ታሞ የኖረ ሰው ሁሉ ቅዱስ ነው ማለትም ልማድ ሆኖ ነው እንጂ እውነት አይደለም። ነገር ግን ገላው በየዓመቱ አንድ ነገር ሲያስረክብ፣ እርሱ ያንን በሌላ ሰው እጅ፣ በሌላ ሰው ዐይን፣ በሌላ ሰው ትከሻ እየተካ የሥራውን ወንበር ሳይለቅ ቆየ። እነዚያ ሰዎችም ሊነኩት አልተጸየፉም።

በ1185 ጸደይ፣ በ23 ዓመቱ ሞተ፤ በጌታ መቃብር ቤተ ክርስቲያን በአባቱ አጠገብ ተቀበረ። ያነገሠው ሕፃን በሚቀጥለው ዓመት ሞተ፤ ጊም ነገሠ፤ በኦክቶበር 1187 ኢየሩሳሌም ለሰላሐዲን እጅ ሰጠች። የመምህሩ የዊልያም የታሪክ መጽሐፍ ግን እስከ 1184 ድረስ ይሄድና ይቋረጣል፤ ክንዱን በልጅነቱ የመረመረለትን የተማሪውን ሞት አልጻፈም።