ሂሮጂ ሳቶ

ሂሮጂ ሳቶ (እ.ኤ.አ. 1925–2000) ጃፓናዊ የጠረጴዛ ቴኒስ (ፒንግ ፖንግ) ተጫዋች ነበር። እ.ኤ.አ. በ1952 (1944 ዓ.ም.) በህንድ ቦምቤይ ከተማ በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና የወንዶች ነጠላ ውድድር አሸናፊ ሆነ፤ ይህን ማዕረግ በማግኘትም ከእስያ የመጀመሪያው ነው። ይበልጥ የሚታወቀው ግን በራኬቱ ነው። በእንጨቱ ላይ ወፍራም ስፖንጅ ተለጥፎበት ነበር፤ ይህም የጨዋታውን አካሄድ፣ ኋላም ደንቡን ለውጧል። በዚህ ጽሑፍ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከስፖንጅ በፊት የነበረው ራኬት

ሳቶ የተወለደው በሰሜን ጃፓን በአኦሞሪ ነው። እሱ ባደገበት ዘመን የታወቁ ተጫዋቾች የሚይዙት ራኬት ቀለል ያለ ነበር፤ በእንጨት ላይ ስስና ጉጥ ጉጥ ያለበት ጎማ በሙጫ ይለጠፋል። ከጎማው ሥር ሌላ ነገር ስለሌለ ኳሱ ሲመታ ድምፁ ጥርት ብሎ ይሰማል። ተጋጣሚው ኳሱ ምን ያህል በኃይል እንደተመታ በዓይኑ ብቻ ሳይሆን በጆሮውም ይለያል። አንድ ነጥብ ለማግኘት ብዙ ምልልስ ያስፈልግ ስለነበር ትዕግሥትና መከላከል ትልቅ ዋጋ ነበራቸው።

የቦምቤይ ሻምፒዮና

የ1952ቱ ሻምፒዮና በእስያ ምድር ሲካሄድ የመጀመሪያው ነበር፤ ጃፓንም በዓለም ሻምፒዮና ስትሳተፍ የመጀመሪያዋ ነው። ውድድሩ የተደረገው በፌብሩዋሪ ሲሆን፣ አገሪቱ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከተሸነፈች በኋላ በውጭ ጦር አስተዳደር ሥር የቆየችበት ጊዜ ያበቃው በዚያው ዓመት በኤፕሪል ነው።

መነጽር የሚያደርገው ሳቶ ራኬቱን እንደ እስክሪብቶ ይዞ ይጫወት ነበር። ኳሱ በስፖንጁ ውስጥ ጥቂት ሰመጥ ብሎ ተመልሶ ይስፈነጠራል፤ የሚሰማው ድምፅም እጅግ አነስተኛ ነው። ለብዙ ዓመት በድምፅና በቋሚ ምት የለመዱ ተጫዋቾች ኳሱ መቼና በምን ፍጥነት እንደሚመጣ መገመት አቃታቸው። ከተሸነፉት አንዱ አሜሪካዊው ማርቲ ራይስማን ነበር። በፍጻሜው ሳቶ የሃንጋሪውን ዮዜፍ ኮትሲያንን አሸነፈ። ጃፓንም ከሰባቱ ውድድሮች አራቱን በአሸናፊነት አጠናቀቀች።

ክርክሩና ደንቡ

የሳቶ ድል ሁለት ዓይነት አስተያየት አስነሣ። አንዳንዶች ያሸነፈው ሰውየው ሳይሆን ራኬቱ ነው አሉ። ሌሎች ደግሞ በጊዜው ደንብ እንዲህ ያለ ልባስ የሚከለክል አንቀጽ አለመኖሩን፣ ስፖንጁን በአግባቡ መጠቀምም ራሱን የቻለ ችሎታ መሆኑን ተናገሩ። ሳቶ ከዚያ በኋላ የዓለም ነጠላ ማዕረግ አላገኘም። ጃፓን በ1953ቱ ሻምፒዮና አልተሳተፈችም። ከ1954 እስከ 1957 በነበሩት አራት ሻምፒዮናዎች ግን የወንዶች ነጠላ ማዕረግ በሙሉ የጃፓኖቹ የኢቺሮ ኦጊሙራና የቶሺያኪ ታናካ ሆነ፤ እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ጊዜ አሸንፈዋል።

ዓለም አቀፉ የጠረጴዛ ቴኒስ ፌዴሬሽን በ1959 የመካከለኛውን መንገድ መረጠ። ጎማ ያልለበሰ ባዶ ስፖንጅ ተከለከለ፤ በጎማ የተሸፈነ ስፖንጅ ግን ተፈቀደ። ስፖንጅ የሌለው ባለ ጉጥ ጎማ ውፍረቱ ከ2 ሚሊሜትር፣ ጎማና ስፖንጅ በአንድነት ሲሆኑ ደግሞ ከ4 ሚሊሜትር እንዳይበልጥ ተወሰነ። ልኩ ሙጫውንም ይጨምራል።

የሙጫው ጉዳይ

ሙጫው ራሱ የውዝግብ ምክንያት የሆነው ቆይቶ ነው። ተጫዋቾች እንደ ብስክሌት ጎማ ማስቲሽ ያለ ቶሎ የሚተንን ሙጫ ከጨዋታ በፊት በስፖንጁ ላይ ሲቀቡ፣ ትነቱ ወደ ስፖንጁ ቀዳዳዎች ገብቶ ያሳብጠዋል። የተወጠረው ስፖንጅ ኳሱን ይበልጥ ያፈጥነዋል፤ ኳሱም ይበልጥ ይሽከረከራል። ኃይሉ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ስለሚቀንስ ጎማውን ልጦ እንደገና መለጠፍ ያስፈልጋል። ትነቱ ለጤና ጎጂ በመሆኑ ፌዴሬሽኑ ከቤይጂንግ ኦሊምፒክ በኋላ፣ በሴፕቴምበር 2008፣ ይህን አሠራር ከለከለ። በአሁኑ ጊዜ በብዛት የሚሠራበት ሙጫ በውሃ የተዘጋጀ ነው። በእንጨቱና በስፖንጁ ላይ በስሱ ይቀባል፤ ከደረቀ በኋላ ሁለቱ ይገጠማሉ፤ አየር እንዳይቀር ከተዳመጠ በኋላም ትርፉ ጎማ በእንጨቱ ዙሪያ ይቆረጣል።

ከሳቶ በኋላ

በቦምቤይ የተሸነፈው ራይስማን የስፖንጅ ራኬትን እስከ ዕድሜው መጨረሻ ተቃውሟል። በ1997፣ በ67 ዓመቱ፣ በአሮጌው ዓይነት ራኬት ብቻ በሚደረግ የአሜሪካ ብሔራዊ ውድድር አሸንፏል። ሳቶ የያዘው ዓይነት ባዶ ስፖንጅ በይፋዊ ውድድር እንደተከለከለ ነው። ከጎማ ሥር የሚለጠፈው ስፖንጅ ግን ዛሬ በዓለም ውድድሮች ላይ በሚቀርበው ራኬት ሁሉ ማለት ይቻላል ይገኛል።