ሄንሪ ሞዝሊና የአቶም ቍጥር

ሄንሪ ሞዝሊ በአውሮፓ አቆጣጠር ኖቬምበር 23 ቀን 1887 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ዌይማውዝ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ተወለደ። የእንስሳት ጥናት ሊቅ የነበረው አባቱ ልጁ ገና ሕፃን ሳለ ስለ ሞተ፥ ያሳደገችው እናቱ ናት። በኦክስፎርድ ትምህርቱን ፈጽሞ በ1910 ወደ ማንችስተር ሄደና በራዘርፎርድ ሥር መሥራት ጀመረ።

ራዘርፎርድ በ1911 የአቶም መካከል እጅግ ጥቃቅን የሆነ፥ ፖዚቲቭ ኤሌክትሪክ የያዘ እምብርት መሆኑን፥ ኔጋቲቭ ኤሌክትሪክ ያላቸው ኤሌክትሮኖችም በዙሪያው እንዳሉ አስረድቶ ነበር። የእያንዳንዱ ንጥረ ነገር እምብርት ስንት መጠን ኤሌክትሪክ እንደሚይዝ ግን በማስረጃ ያረጋገጠ አልነበረም። ሊቃውንቱ ንጥረ ነገሮችን በክብደት ይደረድሩ ነበርና ኮባልትና ኒኬል አስቸገሯቸው፤ ኮባልት በክብደት ይበልጣል፥ በጠባዩ ግን ከኒኬል መቅደም ይገባዋል። ቫን ደን ብሩክ የተባለ ሆላንዳዊ፥ እርሱም የሕግ ሰው፥ ተራው የሚወሰነው በእምብርቱ ኤሌክትሪክ ነው የሚል አሳብ አቀረበ።

ማስረጃውን ያመጣው ሞዝሊ ነው። በ1913 አየሩ ተመጥጦ በወጣለት ቱቦ ውስጥ ትንሽ ጋሪ በሐዲድ ላይ አኖረ፤ በጋሪውም ልዩ ልዩ ማዕድናትን ደርድሮ፥ በሐር የዓሣ ማጥመጃ ክር እየሳበ፥ ኤሌክትሮኖች በየተራ እንዲመቷቸው አደረገ። ከእያንዳንዱ የሚወጣውንም የራጅ ጨረር በክሪስታል ለይቶ በፎቶግራፍ አነሣው። ከአንዱ ንጥረ ነገር ወደ ሚቀጥለው ሲሻገር የጨረሩ ንዝረት በሥርዓት፥ ደረጃ በደረጃ እየፈጠነ ተገኘ፤ እያንዳንዱም ደረጃ የእምብርቱ ኤሌክትሪክ በአንድ መጠን መጨመሩን የሚያሳይ ነበር። እንግዲህ ኮባልት 27ኛ፥ ኒኬል 28ኛ መሆናቸው ተረጋገጠ። በ1914 ደግሞ 43ኛው፥ 61ኛውና 75ኛው ስፍራ ባዶ መሆናቸውን አመለከተ፤ 75ኛው በ1925፥ 43ኛው በ1937፥ 61ኛው በ1945 ተገኙ።

ይህ ቍጥር በእምብርቱ ያሉት የፕሮቶኖች ቍጥር ነው። ፕሮቶን ከኤሌክትሮን 1836 ጊዜ ያህል ቢከብድም የሁለቱ ኤሌክትሪክ በመጠን እኩል፥ በዓይነት ተቃራኒ ነው፤ ስለዚህ ሙሉው አቶም ወደ አንዱም አያደላም። ክብደት ሊቃውንቱን ያሳሳተበት ምክንያት የታወቀው ቻድዊክ በ1932 ኒውትሮንን ሲያገኝ ነው። ኒውትሮን ኤሌክትሪክ የለውም፤ ክብደት ይጨምራል እንጂ ተራ አይለውጥም። ኮባልት 32 ኒውትሮን ሲኖረው ከኒኬል አቶሞች የሚበዙት ያላቸው 30 ነው።

ሞዝሊ ይህን ሁሉ ለማየት አልደረሰም። በ1914 ከእናቱ ጋር ለሊቃውንት ጉባኤ ወደ አውስትራሊያ ሄዶ ሳለ ጦርነት ተነሣ፤ ፈጥኖ ተመልሶ በመሐንዲስ ጦር ውስጥ የመገናኛ መኮንን ሆነ። እንዲህ ያለ ሰው በግንባር መሰለፉ ራዘርፎርድን እጅግ አሳዝኖታል፥ ኀዘኑም ተገቢ ነው፤ ሆኖም ሞዝሊ በፈቃዱ የሄደ መሆኑ አይዘነጋም። ንብረቱን ለለንደን ሮያል ሶሳይቲ ተናዘዘ። ኦገስት 10 ቀን 1915 በጋሊፖሊ በቴሌፎን ትእዛዝ ሲያስተላልፍ ራሱን በጥይት ተመትቶ በ27 ዓመቱ ሞተ። መቃብሩ አይታወቅም፤ ስሙ ግን በዳርዳኔል መግቢያ በሚገኘው በሄሌስ የመታሰቢያ ሐውልት ላይ ከሌሎች ሙታን ስም ጋር ተቀርጿል።