የጆርጅ ቫን ኤፕስ ሰባተኛ ክር

ባለ ሰባት ክር ኤሌክትሪክ ጊታር ሲነሳ ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ከባድ ሮክና ደረት የሚያንቀጠቅጥ ድምፅ ነው። ሩሲያውያን ሰባት ክር ያለው ጊታር ቀድሞም ነበራቸው። መሣሪያውን በአሜሪካ ጃዝ ውስጥ ያስለመደው ሰው ግን ጩኸት የማይወደው ጆርጅ ቫን ኤፕስ ነው።

ቫን ኤፕስ እ.ኤ.አ. በ1913 በኒው ጀርሲ ተወለደ። አባቱ ስመ ጥር የባንጆ ተጫዋች ነበሩ። እሱም በባንጆ ጀምሮ፣ ኤዲ ላንግን በሬዲዮ ከሰማ በኋላ ወደ ጊታር ዞረ። በ1930ዎቹ አጋማሽ ከቤኒ ጉድማንና ከሬይ ኖብል ባንዶች ጋር ሠርቷል። በዚያ ዘመን የጊታሪስት ድርሻ ከነፋሾቹ ኋላ ተቀምጦ ምት መጠበቅ ነበር። ቫን ኤፕስ ይህን ፍርድ አልተቀበለም። ጊታር እንደ ፒያኖ ዜማውን፣ ኮርዱንና ቤዙን ብቻውን ሊሸከም ይችላል የሚል እምነት ነበረው።

እንቅፋቱ ቤዙ ነበር። የተለመደው ጊታር ወፍራም ክር «ኢ» ላይ፣ 82 ኸርዝ ገደማ ላይ ያበቃል። በ1930ዎቹ መጨረሻ ኤፒፎን ሰባተኛ ክር ያለው ጊታር ሠራለት፤ እሱም ክሩን በ55 ኸርዝ «ኤ» ላይ ቃኘው። ምርጫው በዘፈቀደ አልነበረም። አምስተኛውም ክር «ኤ» ስለሆነ፣ እዚያ የሚያውቀውን የቤዝ ድምፅ ሁሉ በዚያው ቦታ አንድ ኦክታቭ ወርዶ ያገኘዋል።

ተከታይ ግን ቶሎ አላገኘም። ግሬች በስሙ ባለ ሰባት ክር ጊታር ለገበያ ያቀረበው በ1968 ነው። ከተከተሉት መካከል ባኪ ፒዛሬሊ ይጠቀሳል። ቫን ኤፕስ በ1998 በካሊፎርኒያ አረፈ።

ከዚያ በፊት ሰባተኛው ክር ወደ ሌላ ሠፈር ተሻግሮ ነበር። በ1990 አይባኔዝ ከስቲቭ ቫይ ጋር ያወጣው ጊታር «ቢ» ላይ ይቃኝ ነበር፤ እንዲህ ሲሆን በወፍራሞቹ ክሮች መካከል ያለው ርቀት ስለማይዛባ የለመዱት የጣት አያያዝ ይቀጥላል። ኮርን የተባለው ቡድን ደግሞ ሰባቱንም ክሮች አንድ ደረጃ አውርዶ እንደገና «ኤ» ላይ ደረሰ። የታችኛው ድምፅ ያው የቫን ኤፕስ ነው፤ የሌሎቹ ክሮች ቅኝትና ዓላማው ግን ለየቅል ናቸው።

እንግዲህ ክር ለመጨመር የሚያስብ ወጣት፣ ምን ያህል ልውረድ ብሎ ከመጠየቁ በፊት ክሩ ምን ሊሠራልኝ ነው ብሎ ቢጠይቅ ይበጀዋል። ብቻውን ለሚጫወት «ኤ»፣ የለመደውን አያያዝ ላለመልቀቅ ለሚሻ «ቢ» ያዋጣል።