የኒሞን ቤትና ጭላዳችንን ያስመዘገበው ሰው

እኔ የኩታበር ልጅ ነኝ፤ ባሕርን የማውቀው በስልክ ነው። እዚህ ደጋ ላይ የምናውቀው ጉም፣ ገብስና ማጅራቱ ላይ ነጭ ያለበትን ያን ትልቅ ቁራ ነው። ይህን ቁራ በ1836 በሳይንስ መዝገብ ያስገባው ሰው ታዲያ ከተራራችን በፊት የባሕር ፍጥረት ሲሰበስብ የኖረ ነው። ኤድዋርድ ሩፔል ይባላል። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኒሞ የሚባለውን የዓሣ ፊልም ያየ ሁሉ ዓሣው የሚደበቅበትን፣ እንደ አበባ የሚወዛወዘውን ነገር ያስታውሳል። አበባ ይምሰል እንጂ እንስሳ ነው፤ አኔሞኒ ይባላል። ዛሬ ሰዎች ቤታቸው ውስጥ በጨው ውኃ አኳሪየም ከሚያኖሯቸው አኔሞኒዎች አንዱ፣ የክንዶቹ ጫፍ እንደ አረፋ የሚነፋው ዓይነት፣ ለሳይንስ የታወቀው ሩፔል ከቀይ ባሕር ባመጣው ስብስብ ምክንያት ነው።

ሩፔል በ1794 በጀርመን ፍራንክፈርት ከሀብታም የባንክ ባለቤት ቤተሰብ ተወለደ። የታሰበለት ሥራ ንግድ ነበር። በ1817 ግን ወደ ግብፅና ሲና ተጉዞ ልቡ እዚያው ቀረ። ተመልሶ ጣሊያን ውስጥ በፓቪያና በጄኖዋ ስለ ዕፅዋትና እንስሳት ተማረ። ከዚያም በራሱ ገንዘብ ጉዞ ጀመረ። እስከ 1827 ድረስ ኑቢያን፣ ኮርዶፋንን፣ ሲናንና የቀይ ባሕርን ዳርቻ አካለለ። የሰበሰበውን ሁሉ ለትውልድ ከተማው ለዜንከንበርግ ሙዚየም ሰጠ።

በ1828 ከቀይ ባሕር ያመጣቸው አጥንት አልባ እንስሳት በመጽሐፍ ታተሙ። አኔሞኒውን በዚያ ላይ የገለጸው የእንስሳት ተመራማሪው ሎይካርት ነው፤ የሰጠው ስም ትርጉሙ ባለ አራት ቀለም ማለት ነው። ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ በ1830፣ ሩፔል ራሱ በአኔሞኒው ውስጥ የሚኖረውን ባለ ሁለት ነጭ ቀበቶ የቀይ ባሕር ዓሣ ሰየመ። የኒሞ ዘመድ መሆኑ ነው። ቤቱም ነዋሪውም በዚህ ሰው በኩል ተመዘገቡ።

ነገር ግን በዚያ ዘመን እንስሳ ወደ ሙዚየም የሚደርሰው ሞቶ፣ በአልኮል ጠርሙስ ውስጥ ነው። አልኮል ውስጥ የገባ አኔሞኒ ይኮማተራል፤ ቀለሙም ይጠፋል። እንዴት እንደሚኖር ጠርሙሱ አይናገርም።

የሚገርመው እዚያው 1828 ላይ ጆን ዳሊየል የተባለ የስኮትላንድ ሰው ከባሕር ዳር አንድ ትንሽ አኔሞኒ ወስዶ በብርጭቆ ዕቃ አኖረ። በአልኮል ፋንታ የባሕር ውኃ ሰጠው፤ ውኃውንም ቶሎ ቶሎ ይለውጥለት ነበር። እሱ ሲሞት ሌሎች ተረከቡት። አያቴ የሚል ቅጽል ስም የወጣለት ይህ አኔሞኒ እስከ 1887 ኖረ። ሩፔል የሞተው በ1884 ነው። አስቡት እንግዲህ፣ ያቺ ቁራጭ ሥጋ የምታክል ፍጡር ከሩፔል በሦስት ዓመት በለጠች!

ዛሬ ባለ አረፋውን አኔሞኒ ቤቱ ማኖር የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚማረው መጠበቅን ነው። ገንዳው ውኃና ጨው ስለተሞላ ብቻ ዝግጁ አይባልም። ከዓሣ ቆሻሻ የሚወጣውን መርዛማ አሞኒያ የሚለውጡት ባክቴሪያዎች ድንጋዩና አሸዋው ላይ መራባት አለባቸው፤ ልምድ ያላቸው ሰዎች 6 ወርና ከዚያ በላይ ይታገሣሉ። ጨው በሊትር 35 ግራም ያህል፣ ሙቀት 25 ወይም 26 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሆኖ ሳይዋዥቅ መቆየት አለበት። ጥሩ ብርሃንም ያስፈልጋል፤ አኔሞኒው ሥጋ ውስጥ የሚኖሩ ደቃቅ አልጌዎች ከብርሃን ምግብ ሠርተው ያካፍሉታልና።

እንስሳው ሲመጣ ከመጣበት ውኃ ጋር ይቀመጥና የገንዳው ውኃ በጠብታ፣ አንድ ሰዓት ያህል፣ ይጨመርበታል። የፓምፑ መምጠጫ በስፖንጅ ወይም በወንፊት ይሸፈናል፤ ያለዚያ ስቦ ይቆራርጠዋል። ከዚያ እግሩ ወደ ድንጋይ ስንጥቅ ይጠጋል። በቃ! ከዚህ በኋላ ውሳኔው የራሱ ነው።

አኔሞኒ እኮ ይራመዳል። ውኃው፣ ብርሃኑ ወይም ድንጋዩ ካልተስማማው ቀስ እያለ ይሄዳል፤ ቀን ሙሉ ሊዞር ይችላል። እየተኮማተረ መልሶ መነፋቱም ያለ ነው። ባለቤቱ ተጨንቆ ከድንጋይ ላይ ሊነቅለው ሲታገል እግሩ ይቀደዳል፤ ቁስሉ ይመረዝና ይሞታል። ስለዚህ እጅን ሰብስቦ ውኃውን መለካት ይሻላል። የተመቸው ዕለት እግሩን ስንጥቁ ውስጥ ቀብሮ ክንዶቹን ይዘረጋል።

ወደ ሩፔል ልመልሳችሁ። በ1831 በምጽዋ በኩል ወደ አገራችን ገባ። ጊዜው ዘመነ መሳፍንት ነው። ስሜን ተራሮችን አቋርጦ ጎንደር ደረሰ፤ የግዕዝ መጻሕፍትም ሰብስቦ ወደ ፍራንክፈርት ወሰደ። በ1835 ጭላዳንና ዋልያን፣ በ1840 ደግሞ ቀይ ቀበሮን ለሳይንስ አስተዋወቀ። ለዋልያ የአገሩን ስም አስቀረለት፤ ቀይ ቀበሮን በስሜን ሰየመው። በ1839 የለንደኑ ንጉሣዊ የጂኦግራፊ ማኅበር የወርቅ ሜዳሊያ ሸለመው።

መንገዱ ስሜንና ጎንደር ነበር፤ የሰየማቸው እንስሳት ግን የእኛም ጎረቤቶች ናቸው። ከእኛ በስተምዕራብ፣ በመካነ ሰላም በኩል፣ በቦረና ሳይንት ወረሂመኑ ብሔራዊ ፓርክ ጭላዳም ቀይ ቀበሮም አለ። ጭላዳ ሣር በልቶ ገደል ላይ ያድራል። ቀይ ቀበሮ ከደጋው ጓሳ ውስጥ አይጥ እያደነ ይኖራል፤ በዓለም የቀሩት አዋቂዎች ከ500 አይበልጡም። እርሻው ሽቅብ ሲወጣ፣ ውሾችም የእብድ ውሻ በሽታ ይዘው ሲመጡ፣ እነሱ የሚሸሹበት ሌላ ከፍታ የላቸውም።

እኔ ከሩፔል ሕይወት የምወስደው ይህን ነው። ስም መስጠት ትልቅ ሥራ ነው፤ ያለ እሱ ስለ እነዚህ እንስሳት መነጋገር እንኳ ይከብደን ነበር። ስሙን ካወቅን በኋላ የሚቀረው ሥራ የዳሊየል ዓይነት ነው፦ እንስሳው እግሩን የሚተክልበትን ቦታ አውቆ መጠበቅ። ለአኔሞኒው ቦታው የድንጋይ ስንጥቅ ነው፤ ገንዳው ካልተስማማው ባለቤቱ ውኃውን ሊያስተካክልለት ይችላል። የቀይ ቀበሮው ቦታ ጓሳው ነው፤ እሱን ደግሞ አርሰን ከጨረስነው በምንም ጨውና ፓምፕ አንመልሰውም።