ጄምስ ብሩስና የጎንደር የመድኃኒት እጽዋት

ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1730 በስኮትላንድ ተወለደ። በሙያው ሐኪም አልነበረም፤ መጠነኛ የሕክምና ዕውቀት የቀሰመው በአልጀርስ የብሪታንያ ቆንስል ሳለ ነው። ይህ ዕውቀት በ1770 ጎንደር ሲገባ የቤተ መንግሥቱን በር ከፈተለት፤ በእቴጌ ምንትዋብ የቁስቋም ግቢ በፈንጣጣ የታመሙ የመኳንንት ልጆችን እንዲያክም ተጠራ።

ይሁን እንጂ ብሩስ በመድኃኒት ረገድ ከሰጠው የተቀበለው ይበልጣል። ሕዝቡ የሆድ ትልን ለማስወጣት የኮሶ አበባ ሲጠጣ ተመልክቶ ዛፉን በጽሑፍ መዘገበ። በመልስ ጉዞው በራስ ኤል ፊል ቆላ በተቅማጥ ሲታመም፣ የአገሬው ሰው የሚታከምበትን የዋጊኖስ ሥር ልጣጭ በራሱ ላይ ፈተነ። ወደ አውሮፓ የወሰደው የዋጊኖስ ዘር በለንደን አቅራቢያ በሚገኘው የኪው የአትክልት ስፍራ በቀለ። በ1779ም ተክሉ በብሩስ ስም ብሩሲያ ተብሎ ተሰየመ።

የእጽዋቱን ሥዕሎች የሠራው በ1771 ጎንደር ላይ ያረፈው ጣሊያናዊው ሉዊጂ ባሉጋኒ ነበር። ብሩስ ግን በ1790 ባለ አምስት ቅጽ የጉዞ መጽሐፉን ሲያሳትም የባልደረባውን ድርሻ ሸሸገ፤ በ1794ም በትውልድ ስፍራው አረፈ።

የዋጊኖስን ፈዋሽነት አስቀድመው ያወቁት የአገሬው መድኃኒት አዋቂዎችም በሳይንሳዊ ስያሜው ውስጥ ስፍራ አላገኙም። የብሩስን መጽሐፍ ለጎንደር የሕክምና ታሪክ ምንጭነት የሚጠቀም ተመራማሪ፣ በአንድ ሰው ስም የተመዘገበው የብዙዎች ዕውቀት መሆኑን ሊያጤን ይገባዋል።